የግራ እግር ሕክምና

በዚህ አገር ዕውቀት ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ በሞት ወይም በስርቆት። ሦስተኛ መንገድ አለ፣ ስሙም ማስተማር ይባላል የሚሉ ሰዎች አሉ። ሲሉ ሰምቻለሁ… ዓይኔ ግን አላየም። አንቺ አንባቢዬ፣ አንተም ከጎኗ ተጠግተህ በነጻ የምታነበው፣ እስቲ በሰፈራችሁ ያሉትን መድኃኒት አዋቂ አስቧቸው። ሥሩን ለማን ነገሩ? ለማንም! ሐሳባቸው ነፍሳቸው ጉሮሯቸው ላይ ስትደርስ የበኩር ልጃቸውን ጠርተው በጆሮው ሹክ ሊሉት ነው። ምላሳቸው ቀድሞ ከተሳሰረስ? ሥሩ አብሯቸው ይቀበራል፤ ልጁም «አባቴ እኮ አዋቂ ነበሩ» እያለ ዕድሜ ልኩን ሲኮራ ይኖራል።

ዘመናዊ ሕክምና ሲመጣ ይህ ጠባይ ይቀራል ብዬ አምኜ ነበር። ሞኝ ነበርኩ። ሞኝነቴም ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ፈጀ።

ጊዜው ጣሊያን ከአገር በወጣ ማግሥት ነው። ከመንዝ ተነስቼ መቀሌ ስገባ ኪሴ ውስጥ የነበረችው አንዲት የትእዛዝ ወረቀት ናት። «ይህ ሰው ከሐኪም ቤቱ ገብቶ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ይማር፤ ሲበቃም ተፈትኖ ድሬሰር ይሁን» ትላለች። አባቴ ስንለያይ የሰጡኝ ምርቃት ከወረቀቷም ያጠረ ነበር። «ካልሆነልህ በሬዎቹ የትም አይሄዱም» አሉኝ። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ፣ የእነዚያንም በሬዎች ጠባይ የሚያውቅ ይህ ምርቃት እንዳልሆነ ይገባዋል። የድሬሰርነት ምስክር ወረቀት ካላገኘሁ ቀሪ ዘመኔን የምጨርሰው የበሬ ጭራ እያየሁ ነው።

ሐኪም ቤቱ ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ ዳር የቆመ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነበር። ሐኪም የሚባል ነገር ግን አልነበረውም። የነበሩት አይተ ሓጎስ ናቸው። አይተ በትግርኛ አቶ ማለት ነው፤ ሓጎስ ደግሞ ደስታ። ስሙን ያወጡላቸው ሰዎች ፊታቸውን ሳያዩ ተቻኩለው መሆን አለበት! በጣሊያን ጊዜ ለአንድ ዶቶሬ፣ ለጣሊያን ሐኪም ማለት ነው፣ አራት ዓመት ሳፋ ሲሸከሙ ኖረው፣ ዶቶሬው ሲሄድ ሳፋውም፣ መርፌውም፣ ጠርሙሱም፣ በሽተኛውም በእጃቸው ቀረ። ማን አስተማረዎት ሲሏቸው፣ በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው፣ «ዶቶሬውን አውቀዋለሁ» ይላሉ እንጂ አስተማረኝ የሚል ቃል ካፋቸው አይወጣም።

አሁን እውነቱን ልናገርና ልገላገል… የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው። በገባሁበት ቀን ግድግዳው ላይ ባለው መደርደሪያ አሥራ አራት ጠርሙሶች ተሰልፈው አየሁ፤ ሁሉም ሆዳቸው ላይ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። እኔ ደግሞ መንግሥት ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት የፈረንጅ ፊደል ቆጥሬ፣ ያቺን ዕውቀቴን የማሳይበት ሰው አጥቼ ስቃጠል የከረምኩ ነኝ። ገና ሳልቀመጥ አንዱን ጠርሙስ አነሳሁና ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ዋእ!» አሉ አይተ ሓጎስ። «ታነባለህ እንዴ?»

«ምን አላት አቦይ፣ አባቴ! ሁሉንም ላንብብልዎት?»

«ኣይፋል፣ አይሆንም። ይቆየን» አሉኝ።

በነጋታው ጠዋት ስመጣ አሥራ አራቱም ጠርሙሶች ራቁታቸውን ቆመዋል። ከመደርደሪያው ሥር ያለው ሳፋ በሙቅ ውሃ ተሞልቶ፣ ውሃው ላይ የወረቀት ቁርጥራጭ ይንሳፈፋል።

«አቦይ፣ ጽሑፉ የት ሄደ?»

«ቆሽሾ ነበር፤ አጠብኩት።»

«ታዲያ የቱ የምን መድኃኒት እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«ይታወቃል» አሉ፣ በጣታቸው ግንባራቸውን መታ መታ እያደረጉ።

የሚታወቀው እዚያ ውስጥ ነው ማለታቸው ነው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እያልኩ ከጠርሙሶቹ ሥር መኖር ጀመርኩ።

ቅባት ሲቀምሙማ አትጠይቁኝ! መኳንንት ሲበሉ ከሰው ዓይን እንደሚጋረዱ ሁሉ፣ አይተ ሓጎስ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው ጠርሙሱንም፣ ሙቀጫውንም፣ ራሳቸውንም ይሸፍናሉ። ከውስጥ የሚሰማው ኮሽታ ብቻ ነው። አንድ ቀን አላስችል አለኝና በጋቢው ጥለት በኩል አንድ ዓይኔን አሾለክኩ። ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ያልገባኝ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ሰነጠቀው። ሳል መጣ! ላፍነው ብል ባሰ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ብለው አባቶቼ የተረቱት እኔን ቀድመው አይተውኝ ኖሯል። አይተ ሓጎስ ከጋቢው ውስጥ ቀስ ብለው ብቅ አሉ።

«ስማዕ ወዲ ሸዋ» አሉኝ፤ የሸዋ ልጅ ሆይ ስማ ማለታቸው ነው። «እኔ አራት ዓመት በዓይኔ ሰርቄ ያገኘሁትን አንተ ቁጭ ብለህ በጆሮህ ልትቀበል?»

ከዚያ ወዲያ ቅመማ ሲጀመር እኔ ደጅ እወጣለሁ።

ታዲያ ምንም አልተማርኩም ብል ግፍ ይሆንብኛል። በመጀመሪያው ዓመት የበቅሏቸውን ሣር ማጨድ ተማርኩ፤ በቅሎዋ የምትወደው ሣርና የምትራገጥበት ሰዓት እንደሚለያይም ተማርኩ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጃንጥላ መያዝ ተማርኩ። ጃንጥላውን ከራሳቸው በስንዝር ከፍ ካላደረግኩት የሕክምና ትምህርቴ ይጓደላል መሰለኝ፣ በቁጣ ያርሙኛል። እንዲህ ያለ ትጉህ መምህር ማን አግኝቶ!

በሁለተኛው ዓመት አደግኩና ጸሐፊያቸው ሆንኩ። ከአማታቸው ልጅ ጋር በአንድ የእርሻ ድንበር ይሟገቱ ነበር፤ ለችሎት የሚቀርበው አቤቱታ ደግሞ በአማርኛ መሆን አለበት። አይተ ሓጎስ ዳዊት ይደግማሉ፣ ፊደል ለእሳቸው ብርቅ አይደለም፤ የአማርኛ አቤቱታ ማቀናበር ላይ ግን እጃቸው ያጥራል። የእኔ ትግርኛም ቢሆን ገበያ ውስጥ ሴቶቹን ሁሉ የሚያስቅ ነበርና እኩል ነን። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ይህን መግቢያውን እንዴት ነው የምትጀምረው? አሳየኝ እስቲ።»

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ግራ ክንዴን ወረቀቱ ላይ አጋደምኩት! «አቦይ፣ ይሄ እንኳ ዓመታት የሚፈልግ ጥበብ ነው። በቀላሉ አይያዝም» አልኳቸው። የዳኛን ማዕረግ ጽፎ ከሥሩ «አመለክታለሁ» ማለት ዓመታት እንደማይፈልግ እኔም፣ እናንተም፣ ችሎት ደጅ የሚተኛው ውሻም ያውቃል። እሳቸው ግን አመኑኝ። እሳቸው በጋቢ፣ እኔ በክንዴ… አንባቢዎቼ፣ አትሳቁብኝ፤ ያን ጊዜ ትክክለኛ ብድር የመለስኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነው ያደርኩት።

ያም ሆኖ ወረቀቱን ማግኘት አለብኝ። በሬዎቹ አሉ! ስለዚህ እኔም በዓይኔ መስረቅ ጀመርኩ። ደብተር ገዛሁና አይተ ሓጎስ መርፌ ሲወጉ የሚያደርጉትን እያንዳንዱን ነገር መዘገብኩ። መርፌውን ያፈላሉ። ሲሪንጁን ሦስት ጊዜ በጥፍራቸው ይመታሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አንዴ ይስላሉ። «ፒያኖ፣ ፒያኖ» ይላሉ፤ በጣሊያንኛ ቀስ ማለት ነው። ከዚያ የግራ እግራቸውን ከመሬት አንስተው በቀኙ ብቻ ቆመው ይወጋሉ።

በግራ እግሩ ነገር መጀመሪያ ተጠራጥሬ ነበር፣ አልዋሽም። ግን አንድ ሰኞ ቤቱ ውስጥ ሰው በዝቶ ጠረጴዛው ወደ በሩ ተገፋና እዚያው ቆመው አንድ ጨው ነጋዴ ወጉ። እግራቸውን አላነሱም! በሦስተኛው ቀን የሰውዬው ክንድ አብጦ መጣ። እኔም ደብተሬን አውጥቼ «እግር ካልተነሳ ያብጣል» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

አሁን ቀልዱን ላንድ አፍታ ላቁመው። አንድ ቀን አይተ ሓጎስ ችሎት ውለው ሳሉ፣ አንዲት ሴት ከዓይናለም መንደር ሕፃን አዝላ መጣች። የሕፃኑ ዓይኖች በመግል ተጣብቀዋል። ለዓይን የሚሆን ጠብታ መደርደሪያው ላይ እንዳለ አውቃለሁ። ኪንታሮት የሚያቃጥለውም እዚያው እንዳለ አውቃለሁ። ውሃ የመሰሉ ሦስት ጠርሙሶች ፊት ለፊቴ ቆመዋል… አንዱ ዓይን ያድናል፣ አንዱ ዓይን ያጠፋል፣ ሦስተኛውን እግዜር ይወቀው። እጄ ተነሳ፣ ተመለሰ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ዓይኖቹን ጠረግኩለትና «ነገ ነይ» አልኳት።

«ነገ?» አለችኝ። «አንተ ሓኪም አይደለህምን?»

ልጇን መልሳ አዘለችና ሄደች። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ዕለት ግን የጠማው የሰው ልጅ ነው፣ አባይ ተብዬው እኔ ነኝ። አፈርኩ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች፤ አይተ ሓጎስ አንዱን ጠርሙስ ሳያዩ እንኳ በእጃቸው ዳብሰው አነሱና አንጠበጠቡለት። ሕፃኑ ዳነ፤ በእኔ አይደለም። እሳቸውም ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ባለመንካትህ ደግ አደረግህ።» የቱ ጠርሙስ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚህ በኋላ ነው ደብዳቤው የመጣው። እኔ ነኝ ያነበብኩት። ከአዲስ አበባ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ከነአስተርጓሚው ይመጣል፤ ነባርም ሆነ አዲስ፣ ምስክር ወረቀት የሌለው ሁሉ ይፈተናል፤ ያላለፈ መርፌ አይነካም ይላል። አይተ ሓጎስ «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ነባርም ሆነ የሚለው ቦታ ስደርስ እጃቸውን ወደ ሱረት ቀንዳቸው ሰደዱ፤ አነፍንፈውም አነጠሱ።

«ፈተናው በምን ቋንቋ ነው?»

«በአማርኛ። ጽሕፈትም አለው።»

ሁለት ሳምንት ነበረን። አስተዋይ ሰዎች ብንሆን ኖሮ በዚያው ምሳ ሰዓት ተጨርሶ ነበር። እሳቸው መድኃኒቱን፣ እኔ ጽሕፈቱን! እከክልኝ ልከክልህ ማለት ይኸው አይደል? ተረቱ ግን አንድ ችግር አለበት፤ መጀመሪያ ማን እንደሚያክ አይናገርም። እሳቸው አንድ ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ «ረስተው» ይሄዱና ይንገሩኝ እንድላቸው በመስኮት ያዩኛል። እኔ አንድ አቤቱታ አግዳሚው ላይ «ረስቼ» እሄድና አስተምረኝ እንዲሉኝ በበር አያቸዋለሁ። ጠርሙሱንም እኔ አልነካሁ፣ ወረቀቱንም እሳቸው አልነኩ። ኩራታችንን ታቅፈን ፈተናው ደረሰ።

ቀኑ ሰኞ ነው። መቀሌ ሰኞ ገበያዋ ነው፤ ጨው የጫነ ግመል ሁሉ ከቆላ ወጥቶ በደጃችን ያልፋል። ፈረንጅ ሐኪም ሁለት ሰዎች ሊፈትን መጣ ሲባል ገበያተኛው ጨውን ትቶ መስኮታችን ላይ ተሰቀለ። ሐኪሙ ዝምተኛ፣ ረጅም ሰው ነው። አስተርጓሚው ግን ለሁለቱም የሚበቃ ምላስ ነበረው።

ሐኪሙ የራሱን ጠርሙሶች ይዞ መጥቷል፤ ሁሉም ጽሑፍ አላቸው! ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ… ሁለት ዓመት ያላየሁት ፊደል! አንዱን ብድግ አደረግኩና ስሙን አንበለበልኩት። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም።

«ግሩም ንባብ ነው» አለ አስተርጓሚው። «ይሄ ለምን ይጠቅማል ይሉሃል?»

«ለ… ለታመመ ሰው።»

«ለየትኛው በሽታ?»

«ለያዘው በሽታ ነዋ!»

መስኮቱ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። አይተ ሓጎስ ተጠሩ። ጽሑፉን ዞር ብለውም አላዩት። ቡሽ እየነቀሉ አሸተቱ፣ አንዱንማ ጣታቸው ላይ ጠብ አድርገው አሻሹት። «ይህች ለዓይን ናት። ለሕፃን አንድ ጠብታ፣ ለትልቅ ሁለት። ይህ ለቁስል፤ ጥልቅ ከሆነ ግን አይደረግም። ይህ የእንግሊዝ ጨው ነው፤ ሆድ ለደረቀ ሰው» አሉ። ከመስኮቱ አንድ ጨው ነጋዴ «እንግሊዝም ጨው አለው እንዴ? ስንት ቀን ያስኬዳል?» ብሎ ጮኸ። ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሩ ተነሳ። እኔም ከእሱ እኩል አፌን ከፍቼ ነበር። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ሰውዬው ይህን ያህል እንደሚያውቁ አላወቅኩም ነበር።

ቀጥሎ ጽሕፈት መጣ። ከዚህ በፊት ስላከማችሁት አንድ በሽተኛ ለበላይ ሹም የሚቀርብ ሪፖርት ጻፉ ተባልን። እኔ ሦስት ገጽ ጻፍኩ፤ መግቢያው ብቻ ችሎት የሚያስለቅስ ነበር። አስተርጓሚው አንብቦ ሲጨርስ «በሦስቱም ገጽ ውስጥ በሽተኛው አልታከመም» አለኝ። አይተ ሓጎስ ብዕራቸውን ይዘው አላባቸው፣ አላባቸውና ወረቀቱን ሰጡ። እንዲህ ይላል፦ «ሰውየው ታመመ። ዳነ።»

የመጨረሻው መርፌ ነው። አንድ ጺማም ጨው ነጋዴ፣ ቀድሞ መርፌ የታዘዘለት፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እንደ ሀብት ያስቀመጥኩት ደብተር ጊዜው ደረሰ! መርፌውን አፈላሁ። ሦስት ጊዜ መታሁ። ወደ ግድግዳው ዞሬ ሳልኩ። «ፒያኖ፣ ፒያኖ» አልኩ። የግራ እግሬንም ከፍ አደረግኩ፤ ፈተና ስለሆነ ከአይተ ሓጎስም በላይ ከፍ አደረግኩት።

ነጋዴው ቀና ብሎ እግሬን አየ፣ ሐኪሙን አየ፣ ከዚያ በትግርኛ «እኔስ የትኛውን ላንሳ?» ሲል ጠየቀኝ።

«የግራውን» አልኩት። ምን ልበል? በደብተሬ ስለ በሽተኛው እግር የተጻፈ አልነበረም! እሱም አነሳ። ሁለታችንም እግራችንን አንስተን መርፌው ገባ።

ሐኪሙ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር አንሾካሾከ።

«እግርህን ለምን አነሳህ ይሉሃል?»

«ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ነው። ካልተነሳ ያብጣል» አልኩ በሙሉ ልብ።

ሐኪሙ ወደ አይተ ሓጎስ ዞረ። «ይህን አንተ ነህ ያስተማርከው?»

«እኔ?» አሉ አይተ ሓጎስ ደረታቸውን ይዘው። «ኧረ እኔ ምንም አላስተማርኩትም!»

ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ስለ ትምህርቴ የተናገሩት የመጀመሪያው እውነት ይህ ነው።

እሳቸው ተራቸው ደርሶ ሌላ ሰው ወጉ። ዓይኔን ከእግራቸው አልነቀልኩም። አልተነሳም! ሁለቱም ጫማ መሬት ላይ ናቸው። ነገር ግን ጣታቸው አልተንቀጠቀጠም፣ በሽተኛውም መወጋቱን ያወቀው ካበቃ በኋላ ነው።

ሐኪሙ ሁለታችንን ጎን ለጎን አቁሞ ረጅም ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው አሳጠረው፤ «ከሁለታችሁ አንድ ደህና ድሬሰር ይወጣል። ወረቀት ግን ለግማሽ ሰው አይሰጥም። ከሦስት ወር በኋላ እንመለሳለን። አንዳችሁ ከወደቃችሁ ሁለታችሁም ወድቃችኋል።»

ሰው ሲበተን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። በመጨረሻ አላስቻለኝም።

«አቦይ፣ ዛሬ እግርዎን ለምን አላነሱም?»

«የምን እግር?»

«የግራ እግርዎን! ሁልጊዜ ሲወጉ የሚያነሱትን!»

የግራ እግራቸውን ዘርግተው የጫማቸውን ሶል አሳዩኝ። አውራ ጣቴን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው። «ከመደርደሪያው አጠገብ ያለው እንስራ ያፈስሳል። ወለሉ እርጥብ ነው። ዛሬ ለፈተናው ጠረጴዛውን አዛወሩት፤ ደረቅ ነበር።»

«ሳሉስ?»

«ሱረት ነው።»

«ፒያኖ፣ ፒያኖስ?»

«እሱን እንኳ ዶቶሬው ነው የሚለኝ፣ ሳፋውን በጣልኩ ቁጥር።»

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሓጎስ የሚለው ስም ለካ ቦታ ነበረው። ስቀን ስቀን ሲበቃን አንገታቸውን ደፉ።

«ያን ቀን ጠርሙሱን ስታነበው ደነገጥኩ» አሉኝ። «እኔ አራት ዓመት የፈጀብኝን ልጁ ገና ሳይቀመጥ አነበበው። ሁሉን ከነገርኩት በኋላ አይተ ሓጎስ የሚለኝ ማን ነው? አልኩ። ያቺ የዓይናለሟ ሴት ስትመጣ ግን… ሕፃኑ ዓይኑ ቢጠፋ ኖሮ ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ። ያን ሌሊት አልተኛሁም፣ ሓቂ፣ እውነቴን ነው።»

«እኔም ስለ አቤቱታው ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው። «ዓመታት አይፈልግም። እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ይያዛል።»

«ዋእ!» አሉ። ከዚያ ሊቆጡ ፈልገው ተውት።

ሦስት ወር ሙሉ ለአንድ ጠርሙስ አንድ አንቀጽ እየተቀያየርን ተማማርን። እንደ ሁለት ነጋዴ ተነታርከናል፤ «የእኔ ጠርሙስ ከአንተ አንቀጽ ይበልጣል» ያሉበት ቀንም አለ። ለሁሉም ጠርሙስ በአማርኛም በትግርኛም ጽፈን ለጠፍን። ሐኪሙ ሲመለስ ሁለታችንም አለፍን። አይተ ሓጎስ ወረቀታቸውን በመስታወት አስገብተው ሰቀሉና፣ ለሚመጣው በሽተኛ ሁሉ ከመታከሙ በፊት ያነቡለት ጀመር። ለአባቴም «በሬዎቹን ሽጧቸው» ብዬ ጻፍኩላቸው።

ይህ ያምራል አይደል? እዚህ ላይ ባቆመው ትመርቁኝ ነበር። ግን ዛሬ እኔ ራሴ አስተማሪ ሆኜአለሁ።

ተማሪዬ ሰዒድ ይባላል፤ ከወሎ የመጣ፣ ጺሙ የሞላ፣ ጨዋ ሰው ነው። ማልኩ፤ የደረሰብኝን በእሱ አላደርስም አልኩ። ጠርሙሶቹ ጽሑፍ አላቸው። ስቀምም ጋቢ አልለብስም። ሣር አያጭድም፣ ጃንጥላም አይዝም። የማውቀውን ሁሉ፣ ሳይጠይቀኝ ጭምር፣ ጠዋትና ማታ እነግረዋለሁ። እሱም «እሺ ጋሼ» ይላል… ያዛጋል።

እንስራው ከተለወጠ ቆየ፣ ጫማዬም ደህና ነው፤ ግን መርፌ ስይዝ የግራ እግሬ በገዛ ፈቃዱ ይነሳል። ስለዚህ ቀድሜ አስጠነቀቅኩት። የጫማውን ነገር፣ የእንስራውን ነገር፣ የፈተናውን ውርደት ሁሉ ነገርኩትና «ይህቺ ልማድ ናት፤ ምንም አትጠቅምም» አልኩት። ከልቡ ሳቀ። በሚቀጥለው ሰኞ ከገበያ ስመለስ በመስኮት አየሁት፤ ብቻውን ነው፣ አንድ ሰው ይወጋል፣ የግራ እግሩ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሏል።

«ሰዒድ!»

«አቤት ጋሼ!»

«አትጠቅምም አላልኩህም?»

አፈረና ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። እርስዎ የነገሩኝን ሁሉ በዚህ በኩል ጽፌዋለሁ። ዋናው ግን አትጠቅምም ያሉኝ ይሆናል ብዬ… በዚያኛው በኩል እሱን እየሰበሰብኩ ነው።»

በዚያኛው በኩል አየሁ። ሳሌ ሳይቀር አለ!

ግራ ገባኝና አሁን ወደ ውቅሮ ለተዛወሩት ለአይተ ሓጎስ ጻፍኩላቸው። መልሳቸው ትናንት ደረሰኝ። መግቢያው ብቻ አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ እንዲህ ያለ አማርኛ ያስተማርኳቸው እኔ መሆኔን ስቆጥር እኮራለሁ። በመጨረሻው መስመር ላይ ምክራቸው ተቀምጧል፦ «ወደይ፣ በነጻ የሰጠኸውን ሰው አያምንም። የጠርሙሶቹን ወረቀቶች ንቀላቸው፤ ያን ጊዜ ይማራል።»

እኔም ይህን የምጽፍላችሁ ሳፋ ሙሉ ውሃ እሳት ላይ ጥጄ፣ እስኪሞቅ እየጠበቅኩ ነው።